ቀለሁ ያልተገኘ ጥይት

አስቻለች የወደቀችው የሸክላ ድስቶቿን ፀሐይ ላይ ስትደረድር ነው። ቀኑ ረቡዕ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነበር። ልጇ ኢየሩ ከጓዳ ብቅ ስትል እናቷ አንድ ድስት እንዳቀፈች በጎኗ ተጋድማለች። ደክሟት አረፍ ያለች ስለመሰላት፣ «እማ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ?» አለቻት። መልስ ስታጣ ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ በኋላ የጮኸችው ጩኸት የቀጨኔን ቁልቁለት ከላይ እስከ ታች አሯሯጠው።

ኢንስፔክተር ሠርካዲስ ስትደርስ ግቢው በሰው ተጨናንቋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖሊስ ሆና ሠርታለች፤ ሰፈርተኛን ከሬሳ አጠገብ ገለል ማድረግ ግን ዛሬም ይከብዳታል። ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር? ሁሉም ዘመድ ነው። በመጨረሻ ረዳቷ ሳጅን ቢኒያም በልመናም በቁጣም ግቢውን አስለቀቀላት።

ጥይቱ የገባው በግራ ትከሻና በአንገት መሀል፣ ከላይ ወደ ታች ነው። የገባበት ቀዳዳ ክብ አይደለም፤ ሞላላና የተቀደደ ነው። የወጣበት ደግሞ የለም። ሁለቱ ፖሊሶች የድስቶቹን ሥር፣ የጎረቤቱን ጣራ፣ ከግቢው በላይ የሚያልፈውን ጠባብ መንገድ አንድ በአንድ ፈተሹ። ቀለህ አላገኙም።

«ለቅሞት ሄዷል» አለ ቢኒያም። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

ሠርካዲስም እንደዚያው አሰበች። አንድ ጥይት፣ አንድ ሟች፣ ከላይ የቆመ አንድ ገዳይ። ነገሩ ቀላል መስሎ ታያት።

ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት እማማ ማሚቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገቧ ቆመዋል። ማልቀሱንም መናገሩንም ባንድ ጊዜ ያስኬዱታል።

«የተኩስ ድምፅ ሰምተዋል፣ እማማ?»

«ሰምቻለሁ እንጂ! ሦስት ጊዜ ነው። ድም ይላል፣ ዝም ይላል። ደሞ ቆይቶ ድም። ለሬሳ የሚተኮስ መስሎኝ ነበር፤ መድኃኔዓለም ቀብር ነበራ።»

ሠርካዲስ ማስታወሻዋ ላይ «ሦስት» ብላ ጻፈች። ሌላው ጎረቤት ሁለት አለ፣ ኢየሩ አንድ አለች፣ አንዱ ጭራሽ የመኪና ጎማ የፈነዳ መስሎት ነበር። እዚህ ገደላገደል ውስጥ ድምፅ ይደጋገማል። ሟቿን ያገኛት ጥይት አንድ ስለሆነ «ሦስት» የሚለውን ሰረዘችው። ያችን ሰረዝ በኋላ ስታስባት እጇን ይበላታል።

«ከማን ጋር ተጣልታ ነበር?»

ኢየሩ ዓይኗን አብሳ ወደ ላይ ጠቆመች። ከግቢው በላይ፣ በዳገቱ፣ የጥበቃ ሠራተኛው የግዛቸው ቤት አለ። «ድስት በእሳት ስንተኩስ ጭሱ ቤቱ ይገባል። ልጁ ሲና ደረቷን ያማታል። ባለፈው ሳምንት ግንቡ ላይ ቆሞ፣ 'ይኼን ጭስ አንድ ቀን እኔው አጠፋዋለሁ' ብሏት ነበር።»

«ምን ጥበቃ ነው?»

«ሸጎሌ፣ መጋዘን ይጠብቃል። ጠመንጃ ይይዛል።»

ቢኒያም ሠርካዲስን አያት። ሠርካዲስም ግንቡን አየች።

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያ ስትገባ ከቢሮዋ በር ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ አሥር አለቃ መሸሻ ተቀምጠዋል። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የቀድሞ የክብር ዘበኛ ወታደር ናቸው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ በምዝገባው ዘመቻ ጊዜ፣ የአባታቸውን ጠመንጃ ለዚሁ ጣቢያ አስረክበዋል። የተቀበለቻቸው ሠርካዲስ ነበረች፤ ያኔ ሳጅን። «ፈቃዱ በስምዎ እንደዞረ ይመለስልዎታል፣ አባባ፤ ቢበዛ ወር ነው» ብላ ደረሰኝ ጻፈችላቸው። ፈቃዱ በአባታቸው ስም ስለነበር ሳይዞር ቀረ። እሳቸው ግን በየጊዜው ደረሰኙን በላስቲክ ጠቅልለው፣ ኮታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ይመጡና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ሳምንትም መጥተው ነበር። «ለአንድ ቀን ብቻ አውሱኝ፤ ታማኝ ሰው አብራችሁ ላኩ» ብለዋት፣ እሷም ስልክ ይዛ «ማክሰኞ ይምጡ» ብላቸው፣ ማክሰኞ ስብሰባ ገባች።

ሲያዩዋት ብድግ ብለው እንደ ወታደር ቀጥ አሉ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር—»

«አባባ፣ ዛሬ አልችልም። ሰው ተገድሎብኛል።»

«እኔም እኮ እሱን—»

«ይቀመጡ፤ እጠራዎታለሁ» አለችና ገባች። ስልኩ እየጮኸ ነበር።

የደወለው የጦር መሣሪያ ባለሙያው ሀምዳን ነው። አብረው በፖሊስነት የሠለጠኑ ጓደኛሞች ናቸው። «ሠርኬ፣ ከሬሳው የወጣው አረር የካርባይን ነው። ያ የድሮው አጭር ጠመንጃ። በመነጽር አይቼ ዝርዝሩን እነግርሻለሁ፤ አሁን ግን መዝገቡን አየሁልሽ። በክፍለ ከተማችሁ የተመዘገበ ካርባይን ሁለት ብቻ ነው።»

«የማንና የማን?»

«አንዱ እናንተው ዘንድ፣ ኤግዚቢት ክፍል ተቆልፎበታል። እሱን ተይው። ሁለተኛው ሸጎሌ ያለ መጋዘን ጥበቃ እጅ ላይ ነው።»

ሠርካዲስ የመጀመሪያውን ተወችው።

ግዛቸው አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። በቁጥጥር ሥር ሲውል አልተከራከረም።

«ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሥራ ላይ። መጋዘኑ በር።»

«ማን አየህ?»

«ባልደረባዬ። መዝገቡም ላይ ፈርሜያለሁ።»

ባልደረባው ተጠይቆ አዎ አለ፤ መዝገቡም አዎ አለ። ካርባይኑ ተፈተሸ፤ አፈሙዙ ተጠርጎ፣ ዘይት ጠጥቶ ያበራል። በየሳምንቱ ይጠረጋል አሉ የመጋዘኑ ሰዎች። ቢኒያም ደግሞ እማማ ማሚቴን በድጋሚ ጠይቆ መጣ። ግዛቸውን ረቡዕ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ከቤቱ ሲወጣ አይተውታል፤ ፊቱ ጥቁር ብሎ ነበር አሉ።

ሠርካዲስ ይህንን ስትነግረው ግዛቸው ጣቶቹን አቆላለፈ።

«ዋሽተኸኛል።»

«ሰው አልገደልኩም።»

«የት ነበርክ ነው ያልኩህ።»

«ሰው አልገደልኩም፣ ኢንስፔክተር። ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።»

ዓርብ ጠዋት ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ነበሩ። ሠርካዲስ ከመጋዘኑ ኃላፊ ጋር እየተነጋገረች አልፋቸው ገባች። ከሰዓት በኋላ ስትወጣም እዚያው ናቸው። ቢኒያምን፣ «ሻይ እንኳ አምጣላቸው» አለችው። ሻዩ መጣ፤ አልጠጡትም። የበሩ ተረኛ ፖሊስ ምን እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው፣ «የሰጠሁት ለእሷ ነው፤ የምነግረውም ለእሷ ነው» ብለዋል። ይህንንም ለሠርካዲስ ነገራት። እሷ የገባት ስለ ጠመንጃው ነው። በልቧም፣ ይኼ ነገር ይለቅ እንጂ ደብዳቤውን እጽፍላቸዋለሁ አለች። ደብዳቤው የውርስ ማረጋገጫቸውን አያይዞ ለበላይ ክፍል የሚሄድ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ነገ የተባለ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሀምዳን ራሱ መጣ። ትንሽ የላስቲክ ከረጢት ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«ሰውየውን ልቀቂው።»

«ምን?»

«ካርባይን አይደለም የገደላት። እይው።» አጉሊ መነጽሩን አቀበላት። «ይኼን ጥይት የሚጎርስ ማንኛውም በፋብሪካ የተሠራ መሣሪያ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ አለው። አረሩን እያሽከረከረ ያወጣዋል፤ ሲያወጣውም ይቧጭረዋል። ይኼ ልሙጥ ነው። ስላልተሽከረከረ አየር ላይ ሲገለባበጥ መጥቶ በጎኑ ነው የመታት። ቁስሉ ሞላላ የሆነው ለዚያ ነው። ኃይሉንም ጨርሷል፤ ከሩቅ ነው የመጣው።»

«ጥይቱ ግን የካርባይን ነው ብለሃል።»

«ነው።»

«ታዲያ ይኼን ጥይት በዚህ ዘመን ሌላ ምን ይተኩሰዋል?»

ሀምዳንን ጥያቄው እንደ ሰርግ ጥሪ ደስ አሰኘው። ወንበሩን ሳብ አደረገ። «ጥይቱ አሮጌ ነው፣ አሜሪካኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሩት። ግን አልሞተም። ውጭ አገር ዛሬም ጥይቱን ያመርቱታል፤ አዲስ ካርባይንም ይሠሩለታል። አንዳንዱ የድሮው ዓይነት የእንጨት ሰደፍ አለው፣ አንዳንዱ ጥቁር ፕላስቲክ። ሁለተኛ፣ ይኼንኑ የሚጎርስ ባለ ሽክርክሪት ሽጉጥ አለ። እሱ ቀለህ አይተፋም፤ ሆዱ ውስጥ ይዞት ይሄዳል። ቀለህ አልተገኘም ስትይኝ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሱን ነበር። ሦስተኛ፣ አንድ በአንድ እየጎረሰ የሚተኩስ የአደን ጠመንጃም አለ።»

«እዚህ ከተማስ?»

«አንዳቸውም አልተመዘገቡም። በድብቅ ገብተዋል ብንል እንኳ ሁሉም ቦይ አላቸው፤ ሁሉም ይቧጭራሉ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ብረት የሚያውቅ ሰው ከቱቦ ያበጃጀው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ።» ከረጢቱን በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ለዚህ ጥይት ብሎ አዲስ መሣሪያ የሚሠራ ጤነኛ የለም። ጥይቱ ገበያ ላይ አይገኝም። እንዲህ የሚያደርገው ጥይቱ እጁ ላይ የቀረ፣ ጠመንጃው ግን የሌለው ሰው ብቻ ነው።»

ሠርካዲስ ከረጢቱን ደግማ አየችው። ነገሩ አንድ ሰው አስታወሳት፤ ማን እንደሆነ ግን ገና አልጠራላትም። ተነሥታ ግዛቸውን አስመጣች።

«ነፃ ነህ። ግን ረቡዕ የት እንደነበርክ ንገረኝ፤ ለእኔ እንኳ ስትል።»

«የቀትር ጸሎት ላይ። ቤተ ክርስቲያናችን እዚሁ ቀጨኔ ነው። ሲና ሐሙስ ኦፕራሲዮን ልትገባ ስለነበር ሰው ሁሉ እጁን ጭኖ ጸለየላት። ስድሳ ሰው አይቶኛል። ከዚያ ልጄን ቤት አድርሼ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ጠመንጃውን ለባልደረባዬ ትቼለት ነው የሄድኩት፤ የፈረመልኝም እሱ ነው።»

«ስድሳ ምስክር ይዘህ ሦስት ቀን ትታሰራለህ?»

«በር ጥሎ የሄደ ጥበቃ ይባረራል። የፈረመለትም ይባረራል፤ እሱ አምስት ልጅ አለው። እናንተ ደግሞ ያልገደልኩትን ገደልክ አትሉኝም ብዬ ነው... ማለቴ፣ እውነቱ ይወጣል ብዬ።» ቀና አለ። «ሲና እንዴት ሆነች? የሚነግረኝ አጣሁ።»

ሠርካዲስ አላወቀችም። ልጁ ኦፕራሲዮን መግባቷንም ያወቀችው አሁን ነው። የመጋዘኑ ሰዎች በታሰረበት ዕለት ሌላ ጥበቃ መቅጠራቸውን ግን ታውቃለች፤ ኃላፊው ዓርብ ዕለት በስልክ ነግሯታል። እሱን ሳትነግረው ተነሣች። ቢኒያም በመኪና ወደ ሆስፒታል እንዲያደርሰው አዘዘችና እሷ በእግሯ ወደ ቀጨኔ ወጣች።

እማማ ማሚቴ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ይልጣሉ።

«እማማ፣ ረቡዕ ሦስት ጊዜ ሰማሁ ብለውኝ ነበር።»

«ሦስት ነው! አንቺ ግን ስትሰርዢው አይቼሻለሁ።»

«የማን ቀብር ነበር?»

«የሃምሳ አለቃ ታረቀኝ ነዋ፣ የክብር ዘበኛው። ምስኪን! ከጓደኛው ከመሸሻ ጋር፣ ከሁለታችን ቀድሞ ለሞተው የቀረው ሦስት ይተኩስለት ተባብለው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያወሩት ሰፈሩ ያውቀዋል። እድሩ ግን ዘንድሮ ከተማ ውስጥ ተኩስ የለም ብሎ ከለከለ። መሸሻም ቢሆን በምን ይተኩሳል? የአባቱን ካርባይን እናንተው ከወሰዳችሁበት ስንት ዓመቱ!» ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ምነው? ምን ሆንሽ ልጄ?»

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም። ጣቢያ ገብታ በቀጥታ ኤግዚቢት ክፍል ሄደች። ካርባይኑ ከነአቧራው መደርደሪያው ላይ ነው፤ ከሰደፉ የተንጠለጠለው ወረቀት በእሷው የእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ስም፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ ቁጥር። «የጥይት ብዛት» በሚለው ፊት ለፊት ያለችው አጭር ሰረዝ ናት። ያን ዕለት ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ይደርስ ነበር። መሣሪያ አምጡ ነው የተባለው፤ ሰዉም መሣሪያ አመጣ። ጥይት አለዎት ወይ ብላ አልጠየቀቻቸውም። እሳቸውም ያልተጠየቁትን የሚናገሩ ሰው አይደሉም።

አግዳሚው ላይ ነበሩ። ሲያዩዋት እንደ ወትሮው ሊነሡ ሲሉ ትከሻቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸውና ከጎናቸው ተቀመጠች። በዚያ አግዳሚ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጠባብና ቀዝቃዛ ነው።

«ይንገሩኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ መሀረብ አወጡ። ፈቱት። ሦስት ቀለሆች ናቸው።

«ጦር ግምጃ ቤት መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ፤ ይኼን ታውቂያለሽ። ለአንድ ቀን አውሱኝ ያልኩሽ ታረቀኝ ታሞ ስለነበር ነው። ማክሰኞ አንቺን ሳጣ፣ እሱ ማታውን አረፈ። ቃል አለብኝ። የተረፈውን ጥይት አወጣሁ፤ ከቱቦ አንድ ነገር አበጀሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ወጥቼ ሬሳው እስኪወጣ ጠበቅሁ። ካርባይኑ ቢሆን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ጋራው አፈር ውስጥ ነበር የምለቀው፤ አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። ቱቦው ግን ይፈነዳብኛል ብዬ ፈራሁ። ክንዴን ዘረጋሁ፣ ፊቴን አዞርኩ። ሁለቱ አፈሩ ውስጥ ገቡ። ሦስተኛው ላይ ክንዴ ደከመ መሰለኝ። ወዴት እንደሄደ አላየሁም።»

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ማታ፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ። አስቻለች በጥይት ሞተች ሲሉ። ለታረቀኝ ልጆች ንፍሮ ስታቀርብ አይቻት ነበር፣ ያን ዕለት ጠዋት። ሐሙስ በጠዋት መጣሁ።»

«ለበሩ ተረኛ ለምን አልነገሩትም? ሰው ታስሮ ነበር እኮ፣ አባባ!»

«አላወቅሁም። የታሰረ ሰው እንዳለ ዛሬ ነው የሰማሁት፤ ሲለቀቅ። በፊቴ አለፈ፤ ተነሥቼ እጅ ነሣሁት፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።» መሀረቡን አጣጠፉት። «ይቀመጡ፣ እጠራዎታለሁ አልሽኝ። እኔም ጠበቅሁ።»

ሠርካዲስ ያለቀሰችው እዚያው ነው፣ ተረኛው ፖሊስ እያየ። ይቅርታ ልትል ፈለገች፤ የቱን አስቀድማ እንደምትል ጠፋት። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው ላስቲኩን አወጡና ደረሰኙን ጭኗ ላይ አኖሩት። ከመታጠፉ ብዛት በአራት ሊከፈል ደርሷል።

«እንቺ። ከእንግዲህ አልጠይቅሽም።»

ቃላቸውን ከተቀበለች በኋላ ቢኒያም የኤግዚቢቱን ዝርዝር ሊጽፍ ተቀመጠ። ከቤታቸው የመጣውን ቱቦ፣ ሦስቱን ቀለህ፣ የቀሩትን ጥይቶች ደረደረ። ሠርካዲስ ደረሰኙን ከሁሉም በላይ አስቀመጠችው።

«ይኼም ይግባ። ቁጥር አንድ ብለህ።»

«ኢንስፔክተር፣ ይኼ እኮ... የእርስዎ ፊርማ ነው ያለበት።»

«አውቃለሁ። ጻፈው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ አስቻለች ግቢ ወጣች። ደንብ ልብሷን አልለበሰችም። ድስቶቹ ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው እንደተደረደሩ ናቸው፤ ፀሐዩ በዝቶባቸው ግማሾቹ ተሰነጣጥቀዋል። ኢየሩ አንድ በርጩማ ሰጠቻት። ሠርካዲስ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቱቦውን፣ ቃል ኪዳኑን፣ አግዳሚውን፣ ደረሰኙን። ምንም አላስቀረችም።

ልጅቷ ሳታቋርጥ ሰማቻት። ከዚያ፣ «ጠመንጃው ቢመለስላቸው ኖሮ አፈር ውስጥ ነበር የሚተኩሱት?» አለች።

«እንደዚያ ነው ያሉት። እኔም አምናቸዋለሁ።»

«እንዲመለስላቸው ምን ነበር የጎደለው?»

«ደብዳቤ። እኔ መጻፍ የነበረብኝ።»

ኢየሩ የተሰነጠቀ ድስት አንሥታ በአውራ ጣቷ ስንጥቁን ዳበሰችው።

«ረጅም ነው ደብዳቤው?»

«አራት መስመር» አለች ሠርካዲስ።